ያልሰጠናቸው አምስት ቀናት

እንቅልፍ የምትነሳኝ አንዲት ወረቀት ናት። ውል አይደለችም፤ የፍርድ ቤት መጥሪያም አይደለችም። አራት ጥያቄ የታተመባት ተራ መጠይቅ ናት። እ.ኤ.አ. በ2010 ሰኔ ላይ፣ እዚህ እስራኤል፣ ቤርሼቫ ከተማ፣ ከቻይና ዕቃ የሚያስመጣ አንድ አነስተኛ ድርጅት ውስጥ የሰነድ ሠራተኛ ሆኜ ሳለሁ፣ ዕቃችንን የሚያጓጉዝልን ወኪል ላካት። ሦስተኛዋ ጥያቄ፣ መርከቡ ነዳጅ እንዲቆጥብና ጭሱ እንዲቀንስ ጉዞው በአምስት ቀን ቢረዝም ትስማማላችሁ ወይ ትላለች። አለቃዬ ወረቀቷን ወደ እኔ ገፋ አደረገና «አንተ ሙላት» አለኝ። ብዕሬን አነሳሁ፤ «አንስማማም» በሚለው ሳጥን ውስጥ ምልክት አደረግሁ። አንድ ደቂቃ እንኳ አላሰብኩም።

ያን ቀን ማንም ቢጠይቀኝ ሥራዬን በአግባቡ ሠራሁ እል ነበር። ደንበኛ ይጠብቃል፤ ገበያ ያልፋል፤ ባሕር ላይ ያለ ዕቃ ማለት የታሰረ ገንዘብ ነው። የሥራው ቋንቋ ይኸው ነበር። የዘገየ መርከብ ለእኔ የታመመ መርከብ ነው፤ ሐኪም የሚያስፈልገው እንጂ የሚመሰገን አይደለም።

በዚያው ወር የመጣልን ኮንቴነር ግን እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም። ባለ 40 ጫማ ነው፤ የጫነው የፕላስቲክ ወንበር ነው። አሽዶድ ወደብ ወረደ፤ የጉምሩክ ጉዳዩ አለቀ፤ ከባድ መኪና አምጥቶ ኤሜክ ሳራ በሚባለው የከተማችን የኢንዱስትሪ ሰፈር ከመጋዘናችን ጓሮ አስቀመጠው። መጋዘኑ ሞልቶ ነበርና ቦታ እስኪገኝለት 19 ቀን ፀሐይ ላይ ቆመ። በሃያኛው ቀን ማኅተሙን በመቁረጫ ቆርጬ በሩን ስስበው፣ ከምጣድ ሥር እንደሚወጣ ያለ የጋለ አየር ከፕላስቲክ ሽታ ጋር ፊቴን ገረፈኝ። ነጫጭ ወንበሮች አንዱ በአንዱ ላይ ተሰክተው እስከ ጣሪያው ሞልተዋል። በሩ አጠገብ የነበሩት ሙቀቱ አለስልሷቸው እግራቸው ጎብጧል። አንዱን ጎትቼ አወጣሁና መሬት ላይ አቆምኩት፤ ወደ ጎን አዘነበለ። ለባሕሩ አምስት ቀን ከልክዬ፣ 19 ቀን በገዛ ጓሮዬ አባከንኩ።

አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ መርከብ የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ ውሃን ግን ያውቃል። እ.ኤ.አ. በ1984 ከጎንደር ወደ ሱዳን በእግር ስንወርድ የጓንግን ወንዝ የተሻገርነው በሌሊት ነው። ልጅ ነኝ፤ ፈርቻለሁ። ማዶውን ቶሎ ልያዝ ብዬ ስሮጥ ውሃው ጉልበቴን እየገፋ አንገዳገደኝ። አባቴ ክንዴን ጨብጦ «ረጋ ብለህ ርገጥ፤ ውሃ ከቸኮለ ጋር ይጣላል» አለኝ። ረጋ ስል ውሃው ለሁለት ተከፍሎ በጎንና በጎኔ አለፈ። ያ ቃል የመርከብን ነገር ሁሉ ጠቅልሎ የያዘ መሆኑን የተረዳሁት ፀጉሬ ከሸበተ በኋላ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። መርከብ ፍጥነት ሲጨምር ሞተሩ የሚያወጣው ጉልበት በዚያው ልክ ብቻ አይጨምርም። ፍጥነቱ እጥፍ ቢሆን የሚፈለገው ጉልበት ወደ ስምንት እጥፍ ይደርሳል። በግልባጩ በ24 ኖት (የባሕር ማይል በሰዓት) የሚሄድ መርከብ ፍጥነቱን በአንድ አምስተኛ ቀንሶ ወደ 19 ኖት ቢወርድ፣ በቀን የሚያቃጥለው ነዳጅ ወደ ግማሽ ያሽቆለቁላል። የ20 ቀኑ መንገድ 25 ቀን ይሆናል፤ ያም ሆኖ ዋናው ሞተር በጠቅላላው ጉዞ የሚበላው ከሲሶ በላይ ይቀንሳል። በዚያ ዘመን ትልልቆቹ የኮንቴነር መርከቦች በሙሉ ፍጥነታቸው በቀን ከ200 ቶን በላይ ከባድ ነዳጅ ያቃጥሉ ነበር። በዚህ ሒሳብ አምስቱ ቀናት ከአንድ ጉዞ ብቻ 1,400 ቶን ያህል ነዳጅ ያድኑ ነበር። አንድ ቶን ከባድ ነዳጅ ሲነድ ከሦስት ቶን በላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣዋል፤ ስለዚህ ወደ ሰማይ ሳይወጣ የሚቀረው ከ4 ሺህ ቶን በላይ ነው። ከዚህ ውስጥ የእኔ ድርሻ በሺዎች ከሚቆጠሩት ኮንቴነሮች የአንዱ ብቻ ነበር፤ አውቃለሁ። ግን መጠይቋ የተላከችው ለእኔ ብቻ አልነበረም፤ እንደ እኔ ሳያስብ የሞላትም እኔ ብቻ አልነበርኩም።

ነገሩ ያልተሞከረ ሐሳብ ቢሆን ኖሮ ቁጭቱ ይቀለኝ ነበር። ዓለም ግን በዓይኗ አይታዋለች። በ2006 ሥራ የጀመረችው ኤማ ሜርስክ የተባለች የኮንቴነር መርከብ ከ25 ኖት በላይ እንድትሄድ ታስባ የተሠራች ነበረች፤ ዘመኑ የሩጫ ነበር። በ2008 አጋማሽ የመርከብ ነዳጅ በቶን ወደ 700 ዶላር ወጣ። ዓመቱ ሳያልቅ የገንዘብ ቀውሱ ንግዱን መታው፤ ጭነት ጠፋ፤ መርከብ ተረፈ። ያን ጊዜ የመርከብ ኩባንያው ሜርስክ ቀደመ፤ ሌሎቹም ተከትለው ፍጥነት ቀነሱ። ለባሕር አዝነው አይደለም፤ ኪሳቸው አስገድዷቸው ነው። በጎው ነገር ግን ለባሕሩም ለአየሩም ተረፈ። ፈረንሳዊው ተመራማሪ ፒየር ካሪዩ በ2011 ባሳተመው ጥናት፣ ከ2008 በኋላ በነበሩት ሁለት ዓመታት የኮንቴነር መርከቦች የካርቦን ጭስ በ11 በመቶ ገደማ መቀነሱን አሰላ። የተባበሩት መንግሥታት የዓለም አቀፍ የባሕር ድርጅት በ2014 ያወጣው ጥናት ደግሞ፣ ከ2007 እስከ 2012 ባሉት ዓመታት መርከቦች ከተነደፉበት ፍጥነት በአማካይ 12 በመቶ ዝቅ ብለው እንደተጓዙ፣ የዕለት ነዳጃቸውም በአማካይ በ27 በመቶ እንደወረደ መዘገበ።

እስቲ ይህን ልብ በሉት። አዲስ ሞተር አልተፈለሰፈም። አዲስ ነዳጅ አልተገኘም። ካፒቴኑ እጀታውን ወደ ኋላ መለስ አደረገ፤ በቃ። በታሪክ እንዲህ ያለ ርካሽ መድኃኒት ስንት ጊዜ ተገኝቶ ያውቃል? ያውም ሳንፈልገው፣ ሳንለፋበት፣ ዓለም ሁሉ ባንድ ላይ ሲሞክረው ያየነው መድኃኒት!

ያው የ2014 ጥናት ማስጠንቀቂያም ነበረው። መርከቦቹ የቀነሱት ገበያው ስለደከመ ነው፤ ገበያው ሲያገግም ተመልሰው ሊሮጡ ይችላሉ፤ ያን ጊዜ የተኛው ጭስ ይነሣል የሚል ነበር ፍሬ ነገሩ። ማስጠንቀቂያው ተነበበ። መርከቦቹ በዘገዩበት እንዲቆዩ የሚያደርግ ሕግ ግን አልወጣም። እኛም በየመጋዘናችን ሆነን የምንመኘው ያ ዘመን ቶሎ እንዲያልፍልን፣ መርከቡ «እንዲድንልን» ነበር። ደግ ነገር በክፉ ቀን መጥቶ ከክፉው ቀን ጋር አብረን ሸኘነው።

ዕድሉ ለሁለተኛ ጊዜ የመጣው በ2019 ነው። በዚያ ዓመት ሚያዝያ መጨረሻ ከመቶ በላይ የመርከብ ኩባንያዎች ለባሕር ድርጅቱ አባል አገሮች በጻፉት ግልጽ ደብዳቤ አስገዳጅ የፍጥነት ደንብ እንዲወጣ ጠየቁ። ፈረንሳይ ሐሳቡን ለድርጅቱ ለንደን ላይ አቀረበች፤ ነሐሴ ላይ ቢያሪትዝ በተካሄደው የቡድን 7 ጉባኤ ፕሬዚዳንት ማክሮን ደገሙት። ፈረሱ ራሱ ልጓም አምጡልኝ ያለበት ጊዜ ነበር። ከገበያ ርቀው የሚኖሩ፣ እንደ ቼሪ ያለ ቶሎ የሚበላሽ ፍሬ የሚልኩ እንደ ቺሊ ያሉ አገሮች ሥጋታቸውን አሰሙ። ሥጋታቸው እውነት ነበር፤ ግን ለሚበላሽ ጭነት ለብቻው መላ ማበጀት አያቅትም ነበር። ወንበር አይበሰብስም። በመጨረሻ የተመረጠው ሌላ መንገድ ሆነ፤ የመርከቦችን የነዳጅ ብቃትና የካርቦን ደረጃ የሚለካ ደንብ ወጣና በ2023 ሥራ ላይ ዋለ። በስሌቱ ውስጥ ፍጥነት እንዲቀነስ የሚገፋፋ ነገር አለ። ሁሉም የሚረዳት፣ ሁሉም ሊቆጣጠራት የሚችላት ቀጥተኛዋ ቃል፣ «ፍጥነት ቀንስ» የምትለው፣ ግን አልገባችበትም።

ፍጥነትን መገደብ አይቻልም እንዳይባል ምስክሩ ሞልቷል። አሜሪካ ለመጥፋት የተቃረቡ ዓሣ ነባሪዎቿን ለመጠበቅ ከ2008 ጀምሮ በምሥራቅ ጠረፏ በተመረጡ ቦታዎችና ወቅቶች መርከብ ከ10 ኖት በላይ እንዳይሄድ ደንግጋለች። እዚያው አሜሪካ የሎንግ ቢች ወደብ ከ2005 ጀምሮ ወደ ወደቡ ሲጠጉ ወደ 12 ኖት ለሚቀንሱ መርከቦች የክፍያ ቅናሽ ይሰጣል። በሰሜን ምዕራብ ሜዲትራኒያን ደግሞ የባሕር ድርጅቱ በ2023 ከ10 እስከ 13 ኖት ያለ ፍጥነት መክሯል። ምክር ነው እንጂ ትእዛዝ አይደለም።

ዓሣ ነባሪ ለእኛ ለኔጌቭ በረሃ ሰዎች የሩቅ ወሬ ይመስለናል። በ2021 የካቲት ግን 17 ሜትር ያህል የሚረዝም ፊን ዌል፣ ከእንስሳት ሁሉ በትልቅነት ሁለተኛ የሆነው ዓሣ ነባሪ፣ ከእኛ ከተማ የአንድ ሰዓት መንገድ በማይሞላው በኒጻኒም ዳርቻ ሞቶ ተገኘ። በዚያው ሰሞን ሬንጅ የእስራኤልን የባሕር ዳርቻ አጥቁሮት ነበርና በበጎ ፈቃድ ለማጽዳት ከቤርሼቫ ከሄዱት አንዱ ነበርኩ። ሬንጁ ከአሸዋው ጋር ተጋግሮ እንደ በግ በጠጥ ተንጠባጥቧል። አንዱን ሳነሳው ጓንቴን አልፎ መዳፌ ላይ ተጣበቀ፤ ማታ ቤቴ ገብቼ በምግብ ዘይት ሳሸው ሳሸው ሽታው አልለቅ አለኝ። ዓሣ ነባሪውን መርከብ ገጨው ብዬ አልመሰክርም፤ ሬንጁም ከፍጥነት የመጣ አይደለም። ያን ቀን የገባኝ ሌላ ነው። በሰነዶቼ ላይ ባሕር ማለት «መነሻ ወደብ» እና «መድረሻ ወደብ» በሚሉ ሁለት መስመሮች መካከል ያለ ባዶ ቦታ ነበር። ለካ ባዶ አይደለም። ለካ ቤት ነው፤ ሰው ቤት ውስጥ ነው እየጮኽን የምንሮጠው።

ራስል ሊፐር የተባሉ ሳይንቲስት በ2019 ያሳተሙትን ጥናት ያነበብኩት ከዚያ በኋላ ነው። የመርከቦች ፍጥነት በ10 በመቶ ብቻ ቢቀንስ፣ የጎደለውን ለመሙላት የሚጨመሩት መርከቦች ሳይቀሩ ተቆጥረው፣ ጭሱ በ13 በመቶ ገደማ፣ ወደ ባሕር የሚለቀቀው የድምፅ ጉልበት በ40 በመቶ ገደማ፣ ዓሣ ነባሪን የመግጨት አደጋም በግማሽ ያህል ሊቀንስ ይችላል ይላሉ። አንድ እጀታ መለስ ተደርጎ ሦስት በረከት! ይህን ሳነብ እናቴ ሊጥ ሲደፋብን የምትለው ትዝ አለኝ፦ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ። እኛ ግን አፈሰስን እንጂ የሚለቀም ነገር አላስተረፍንም። አየር ላይ የወጣ ጭስ አይለቀም።

ከዚያ በኋላ የሆነው ማስጠንቀቂያው እንዳለው ነው። በኮቪድ ወረርሽኝ ጊዜ የጭነት ዋጋ ናረ፤ ዋጋ ሲንር ሁሉም ቶሎ ደርሶ ቶሎ መመለስ ይፈልጋል። በ2021 መጨረሻ ከሎስ አንጀለስና ከሎንግ ቢች ወደቦች ደጅ መቶ የሚጠጉ የኮንቴነር መርከቦች ተራ ይጠብቁ ነበር። በብዙ የመርከብ ኪራይ ውሎች ካፒቴኑ ሳይዘገይ እንዲገሰግስ ይገደዳል፤ በብዙ ወደቦችም ቀድሞ የደረሰ ቀድሞ ይስተናገዳል። ስለዚህ ወደቡ መያዙን እያወቀም ይሮጣል፤ ሮጦም ይቆማል። ተራው ተጠብቆለት ቀስ ብሎ እንዲመጣ የሚያደርግ የውል አንቀጽ ቢምኮ የተባለው የመርከብ ማኅበር አዘጋጅቶ አቅርቧል፤ አለ፤ ፈራሚ ብቻ ነው የሚፈልገው።

በ2023 ኅዳር ደግሞ በቀይ ባሕር በሚያልፉ መርከቦች ላይ ጥቃት ጀመረ። ቀይ ባሕር ከኢትዮጵያ ወደ እስራኤል ለመጣነው ማኅበረሰብ የካርታ ስም ብቻ አይደለም፤ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ከሱዳን ጠረፍ በሌሊት በባሕር ኃይል መርከብ ተጭነው ያቋረጡት ወገኖች አሉን። አሁን ያ መንገድ አስፈሪ ሆነ። ከቤርሼቫ በረሃውን አቋርጠን የምንወርድባት የኤይላት ወደብ ጭር አለች። መርከቦች አፍሪካን በኬፕ ኦፍ ጉድ ሆፕ መዞር ጀመሩ፤ መንገዱ በሺህ በሚቆጠሩ ማይሎች ረዘመ፤ ብዙዎቹም የጠፋውን ቀን ለመመለስ ፍጥነት ጨመሩ። ጥቃቱን የፍጥነት ሕግ አያስቀረውም ነበር። ሕጉ ቢኖር ግን በረጅሙ መንገድ ላይ ሩጫ ባልተጨመረ። የተኛው ጭስ ተነሣ፤ ሲነሣም የሚይዘው አላገኘም።

በ2025 ጥቅምት አገሮች በመርከብ ጭስ ላይ ዋጋ የሚጥለውን ደንብ ለማጽደቅ ለንደን ተሰበሰቡ። በ57 ለ49 ድምፅ ለአንድ ዓመት አራዘሙት። ዜናውን የሰማሁት አውቶቡስ ውስጥ ነው፤ ከመቀመጫዬ ልነሣ ቃጣኝ። መርከብን ዘግይ ለማለት ዐሥራ አምስት ዓመት ያቃተን ሰዎች ሕጉን ለማዘግየት አንድ ቀን በቃን።

የመርከብ ጭስ ከዓለም ጭስ 3 በመቶ ገደማ ነው፤ ትንሽ ነው የሚል አይጠፋም። ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ አምስት የዝናብ ወቅት በተከታታይ ሲከሽፍ በቦረናና በሶማሌ ክልል ከብቱ ሁሉ ያለቀበትን አርብቶ አደር ትንሽ ነው በሉት እስቲ። ያን ድርቅ የእኔ ወንበሮች አመጡት አልልም። ግን የሰማይ ዕዳ የሚጠራቀመው ከእንዲህ ያለው «ትንሽ» ነው፤ ከፋዩም ኮንቴነር አዝዞ የማያውቅ ሰው ነው።

መዘግየትም ዋጋ አለው፤ አልሸሽገውም። ጭነቱን ለማድረስ ተጨማሪ መርከብ ይፈለጋል፤ መርከበኛው ከቤቱ የሚርቅበት ቀን ይረዝማል፤ ለሩጫ የተሠራ ሞተር ካልተስተካከለ በዝቅተኛ ጉልበት ሲሠራ ጥላሸት ሊያበዛ ይችላል። ይህ ሁሉ ግን መላ ያለው ነው፤ በዚያ ዘመን መሐንዲሶች ሞተሩን ለዝግታ አስተካክለውታል፤ የመርከቡን አፍንጫ ሳይቀር ቀይረውታል። ዋጋውን መክፈል ይቻል ነበር፤ ያልተቻለው አምስት ቀን መታገሥ ነው።

ያቺን ወረቀት «እንስማማለን» ብዬ ብሞላት ዓለም ይለወጥ ነበር ወይ? አይለወጥም። ከቤርሼቫ ጓሮ የመጣ አንድ ምልክት ከክምሩ ውስጥ ይጠፋ ነበር። ግን ከዚህ ሁሉ የዓለም ጉዳይ ውስጥ በእጄ ላይ የተቀመጠችው ያቺ ብቻ ነበረች። ነገሥታት ድርሻቸውን ሳይወጡ ቢቀሩ እነሱ ይጠየቁበታል፤ የእኔ ድርሻ አንድ ሳጥን ነበር፤ እሱንም አበላሸሁት። አሁን ይህን ስጽፍ፣ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ብትሉኝ ትክክል ናችሁ።

ባለፈው ሰንበት ዋዜማ ትንሿን ልጄን ይዤ አሽዶድ ባሕር ዳር ሄድኩ። ፀሐይ ገባች። ከወደቡ ባሻገር ጨለማው ውስጥ መልሕቅ የጣሉ መርከቦች መብራት አንድ በአንድ በራ። ልጄ በጣቷ እየጠቆመች ቆጠረች፤ ዐሥራ አንድ ደረሰች። ሁሉም ቆመዋል።

«አባ፣ ማንን ነው የሚጠብቁት?» አለችኝ።

ቶሎ ኑ ብሎ ምልክት ያደረገው ቀኝ እጄ ኪሴ ውስጥ ነበር። አውጥቼ መብራቶቹን ላሳያት አልቻልኩም።